ባንኮክ ላይ አንድ ቀን ቢተርፋችሁ፦ ኮን ወይስ ቶክ ሾው?

ለሕክምና ወይም ለንግድ ባንኮክ ደርሶ የሚመለስ ሐበሻ ጥቂት አይደለም። የሐኪም ቀጠሮው ያልቃል፣ ሻንጣው ይሸከፋል፣ በረራው ነገ ነው። አንድ ባዶ ቀን ይተርፋል። በዚያ ቀን ፈታ ለማለት መድረክ ማየት ለሚፈልግ ሁለት በጣም የሚለያዩ ነገሮች አሉ። አንዱ ኮን የሚባለው ጥንታዊ የጭምብል ትያትር ነው። ሌላው አንድ ሰው ማይክ ይዞ እያሳቀ የሚመክርበት መድረክ ነው፤ ታይላንዶች ራሳቸው ቶክ ሾው ይሉታል።

ምርጫዬን አልደብቅም። ታይኛ የማይችል ሰው ኮን ይመልከት። ታይኛ የሚችል ሰው ግን ጥሩ ቶክ ሾው ቢያመልጠው ይቆጨዋል።

ታይኛ አምስት ቃና አለው። «ማ» የሚለው ድምፅ እንደ ቃናው መምጣት፣ ፈረስ ወይም ውሻ ሊሆን ይችላል። ቀልደኞቹ በዚህ ይጫወታሉ። «ካም ፑዋን» የሚሉት ጨዋታም አለ። የሁለት ቃላትን ድምፅ ያቀያይሩና ሌላ ትርጉም ያወጣሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ነውር ያለበት ነው። ቅኔ የሚወድ ሐበሻ የነገሩ ጣዕም ይገባዋል። ግን ሰሙም ወርቁም ሳይገባችሁ ሌላው ሰው ሲስቅ ቁጭ ብላችሁ ማየት ከባድ ነው። አስተርጓሚ ይዛችሁ ብትገቡም ቀልዱ እስኪተረጎምላችሁ አዳራሹ ስቆ ጨርሷል።

የሚገባው ሰው ምን ያህል እንደሚወደው ግን በሁለት መነኮሳት ታሪክ ይታያል። ማሃ ሶምፖንግ የቡድሃን ትምህርት ከቀልድ ጋር እያዋሃዱ በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ሲናገሩ የታወቁ መነኩሴ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 ከሌላው መነኩሴ ከማሃ ፕራይዋን ጋር በፌስቡክ በቀጥታ ሲያወሩ፣ በአንድ ጊዜ ከ200,000 በላይ ሰው ተከታተላቸው። መነኮሳት እንዲህ መቀለድ አለባቸው ወይ የሚለው ክርክር አገሩን አናወጠው። በዚያው ዓመት ሁለቱም ምንኩስናውን ተዉ። ከምክር ይልቅ ወደ ቀልዱ የሚያደላው ኡዶም ቴፓኒት ደግሞ ብቻውን ቆሞ ማሳቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። የ2024 ዝግጅቱ ኔትፍሊክስ ላይ ስላለ፣ ለትኬት ከመክፈላችሁ በፊት ከግርጌ ጽሑፍ ጋር ሞክሩት። ያ ካሳቃችሁ አዳራሹ አይከብዳችሁም።

ኮን ሌላ ነገር ነው። ጭምብል ያጠለቁት ተዋናዮች አይናገሩም። ትረካውንም ንግግሩንም ከጎን ያሉ ተራኪዎች ያዜሙላቸዋል፤ ፒፓት የሚባለው የባህል ሙዚቃ ቡድን ይከተላቸዋል። እግር፣ እጅና አንገት ነው የሚያወራው። ታሪኩ ራማኪየን ነው፤ ራማያና የተባለው ጥንታዊ የሕንድ የጀግንነት ታሪክ የታይ መልክ። ባለ አሥር ራሱ የጋኔኖች ንጉሥ ቶትሳካን የልዑል ራማን ሚስት ሲዳን ይሰርቃል። ነጩ ዝንጀሮ ሃኑማን ሊያስመልሳት ይዘምታል። ይህን ታህል ካወቃችሁ ይበቃል። ዝንጀሮዎቹ ሲያካኩ፣ ሲገለባበጡ፣ ሲቁነጠነጡ ያለ ምንም ቋንቋ ትስቃላችሁ።

ልብሱን ልብ በሉልኝ። በወርቃማ ክርና በጌጥ የተጥለቀለቀ ነው። ከሰውነት እንዲጣበቅ ተዋናዩ ላይ እንዳለ ይሰፋል፤ ሲያልቅ ይተረተራል። ተዋናዮቹ ከልጅነታቸው ይሠለጥናሉ። እንደ ሰውነታቸው ቅርጽ ወንድ፣ ሴት፣ ጋኔን ወይም ዝንጀሮ ሆኖ መጫወት ይመደብላቸዋል። ጋኔን የሚሆነው እግሩን ከፍቶ፣ ጉልበቱን አጥፎ መቆም የሚለምደው በዓመታት ነው። ዩኔስኮ ኮንን እ.ኤ.አ. በ2018 መመዝገቡ የሚገባው ነው እላለሁ።

ዋጋው ላይ ብዙ ጎብኚ የሚያልፈው ነገር አለ። ታላቁን ቤተ መንግሥት ለማየት የውጭ አገር ሰው 500 ባት ይከፍላል። በዚያው ትኬት ውስጥ ሳላ ቻለርምክሩንግ በተባለው ትያትር ቤት የሚቀርብ አጭር የኮን ዝግጅት አለ። ከቤተ መንግሥቱ የሚወስዳችሁ መኪናም ነፃ ነው። ሰው ግን ትኬቱን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ወደ ሆቴሉ ይሄዳል! የሚቀርበው በአብዛኛው ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን ነው። መግቢያው ላይ ሰዓቱን ጠይቁ። ቤተ መንግሥቱን ስትጎበኙ የመረግድ ቡድሃ ቤተ መቅደስን ግድግዳ ሳታዩ አትለፉ። ራማኪየን በ178 ሥዕሎች ተስሎበታል። ሥዕሉን አይቶ ወደ ትያትሩ የሄደ ሰው ሃኑማንን ከሩቅ ይለየዋል። ትያትር ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1933 የተከፈተ ነው፤ እሱን ማየትም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ሐበሻ በሚበዛበት ናና አካባቢ ካረፋችሁ እስከ አሶክ በሰማይ ባቡር ሂዱ። ከዚያ በምድር ውስጥ ባቡር ሳም ዮት ጣቢያ ውረዱ።

ገንዘብ ማውጣት ካልፈለጋችሁና ዕድል ከገጠማችሁ ሊኬ የሚባል የሕዝብ ትያትር በቤተ መቅደስ በዓላት ላይ ታገኛላችሁ። ግጥሙን እዚያው ይፈጥሩታል፤ ተመልካቹም ከብር ኖት የተሠራ የአበባ ጉንጉን አንገታቸው ላይ ያጠልቃል። አዝማሪ ግንባር ላይ ብር ለጥፋችሁ የምታውቁ ከሆነ እንግድነቱ አይሰማችሁም።

ባንኮክ ውስጥ ድርጅት ኖሯችሁ ለታይ ሠራተኞቻችሁ ዝግጅት የምታስቡ ከሆነ ግን ፍርዴ ይገለበጣል። አስቂኝ ተናጋሪ ጋብዙ። ማይክና ጥሩ ድምፅ ይበቃዋል፤ የሠራተኞቻችሁን ኑሮም በቋንቋቸው ያነሣላቸዋል። ኮን ሙዚቀኛ፣ ተራኪ፣ አልባሽና ሰፊ መድረክ ይፈልጋል።

የቤተ መንግሥቱ ጠባቂዎች ትከሻና ጉልበት የሚያሳይ ልብስ የለበሰ ሰው ስለማያስገቡ፣ ሁለቱንም የሚሸፍን ልብስ ልበሱ። ጭምብሎቹ ቅርብ ብታገኟቸውም አትንኩ፤ እንደ መምህር ነው የሚያከብሯቸው።