«ካሴትስ 100» እና «ኡግናያን»፦ ሁለት የሆሴ ማሴዳ ሥራዎች ሲነጻጸሩ

ፊሊፒናዊው የሙዚቃ ደራሲና ተመራማሪ ሆሴ ማሴዳ (1917–2004 እ.ኤ.አ.) ከምዕራባውያን ኦርኬስትራ ይልቅ የአገሩን የቀርከሃ መሣሪያዎችና የነሐስ ደወሎች ድምፅ በዘመኑ ቴክኖሎጂ ለሕዝብ ለማድረስ ከሞከረባቸው ሥራዎች ሁለቱ እዚህ ይነጻጸራሉ።

በ1971 እ.ኤ.አ. በቀረበው «ካሴትስ 100» መቶ ሰዎች የተቀዳ ድምፅ የሚያሰሙ የካሴት ማጫወቻዎችን ይዘው በማኒላ የፊሊፒንስ ባህል ማዕከል መግቢያ አዳራሽ ውስጥ ተንቀሳቅሰዋል። ድምፁ ከተሸካሚዎቹ ጋር ስለሚጓዝ አድማጩ የሚሰማው በቆመበት ቦታ ይወሰናል።

«ኡግናያን» ግን አዳራሹን ጨርሶ ትቶታል። ጥር 1 ቀን 1974 እ.ኤ.አ. ሃያ የተለያዩ ቅጂዎች በማኒላ የሬዲዮ ጣቢያዎች በአንድ ጊዜ ተሰራጩ፤ ሕዝቡም ሬዲዮኑን ይዞ አደባባይ እንዲወጣና፣ በተለያዩ ጣቢያዎች ላይ የተከፈቱት ሬዲዮኖች ተደማምረው 51 ደቂቃ የሚፈጀውን ሙዚቃ እንዲያሟሉት ታሰበ። ቤቱ በአንድ ሬዲዮ ብቻ ያደመጠ ሰው ከሃያው አንዱን እጅ ብቻ ሰማ ማለት ነው። በዚያ ላይ አገሪቱ በወታደራዊ ሕግ ሥር ነበረች፤ ዝግጅቱም የቀዳማዊት እመቤት ኢሜልዳ ማርኮስ ድጋፍ ነበረው። ስለዚህ የተሳትፎው ነፃነት (ይህን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም) አጠያያቂ ነው።

በሐሳብ ድፍረት «ኡግናያን» ይልቃል። እንደ ማዳመጥ ልምድ ግን ለእኔ «ካሴትስ 100» ይበልጣል፤ መቶዎቹ ድምፆች በአንድ ጣሪያ ሥር በእርግጥ ተገናኝተዋልና።