ፔዳ ጋ ያለችው የዳታ ቤት፦ «ያንቺ አንድ ምንድነው?»

ሰላም የባህር ዳር ልጆች፣ በተለይ ማስተርስ እየተማራችሁ ዳታ ሰብስባችሁ ጨርሳችሁ «እንግዲህ ምን ላርገው» ብላችሁ ለተቀመጣችሁ ነው የምጽፈው፣ እኔ ይሄን የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ሁለት ወር ተንገላትቻለሁ።

ቤቷ ከዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ በር ብዙ ሳትርቁ ከፎቶ ኮፒ ቤቶቹ በላይ አንደኛ ፎቅ ላይ ናት፣ ደረጃው ላይ «ፕሪንት፣ ጥረዛ፣ ዳታ አናሊስስ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ውስጥ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሦስት ላፕቶፕ፣ ፕላስቲክ ወንበሮች፣ በቃ። ለብቻ የሚያናግሩበት ክፍል ስለሌለ ወረፋ ስትጠብቁ የሌላውን ሰው ጉዳይ ሁሉ ትሰማላችሁ። መጀመሪያ ቀን አሳፍሮኝ ነበር፣ በኋላ ግን ከራሴ ምክር እኩል የጠቀመኝ እሱ ሆነ።

እኔ ነርስ ነኝ፣ ሐይቁ ዳር ካሉት ጤና ጣቢያዎች በአንዱ ነው የምሠራው፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የሕብረተሰብ ጤና ማስተርስ እማራለሁ። ጥናቴ አጎበር ላይ ነው፣ ወባ ባለባቸው የሐይቁ ዳር ቀበሌዎች ትናንት ማታ አጎበር ውስጥ ማን አደረ፣ ማን አላደረም የሚል። ቤት ለቤት ዞሬ በጭቃ ተመላልሼ የሰበሰብኩትን ዳታ መጀመሪያ ሌላ ቦታ ለአንድ ሰው ሰጠሁት፣ 3,500 ብር ተቀብሎ በሦስት ቀን 14 ገጽ ሰንጠረዥ ላከልኝ፣ ደስ ብሎኝ አስጠርዤ መምህራኑ ፊት ላቀርብ ገባሁ፣ ከዛ አንዱ መምህር «ይሄ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል (እውነተኛው ቁጥር ከስንት እስከ ስንት ሊሆን እንደሚችል የሚያሳየው) እንዴት መጣ» ሲሉኝ አፌ ተያዘ። ሰውየውን ብደውል ብደውል ስልኩ ዝግ። ያን ቀን እንዴት ቤቴ እንደገባሁ አላውቅም።

ወደዚች ቤት የላከችኝ አብራኝ የምትሠራ ሲስተር ናት። ባለቤቱን ሁሉም ሰው ጋሼ ነው የሚላቸው፣ ላፕቶፔን ስከፍት እሳቸው እጃቸውን እንኳ ሳያስጠጉ «ሲስተር፣ ያንቺ አንድ ምንድነው?» አሉኝ። አልገባኝም። «ኤክሴሉ ላይ አንድ መስመር ምኑ ነው፣ ሰው ነው ቤት ነው ቀበሌ ነው?» ሰው ነው አልኳቸው፣ 423 ቤት ሄጄ በየቤቱ ያሉትን ስቆጥር 1,700 ምናምን ሰው ሆኖልኝ፣ ናሙናዬ በዛ ብዬ እኮ ኮርቼ ነበር። ጋሼ ወረቀት ላይ ቤት ሳሉና ውስጡ አንድ አጎበር ሰቀሉ፣ ከሥሩ አራት ሰው አስተኙ። «እናትየው ማታ አጎበሩን ካወረደችው አራቱም ገቡ፣ ካላወረደችው አራቱም ቀሩ። ታዲያ ይሄ አራት ምስክር ነው አንድ ምስክር?» አሉኝ። ዝም አልኩ።

ከዛ አብረን ሠራነው፣ የአንድ ቤት ሰዎች እንደሚመሳሰሉ ፕሮግራሙ እንዲያውቅ አርገን ማለት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የጎበኘቻቸው ቤቶች አጎበር የመጠቀማቸው ኦድስ ሬሾ (በየወገኑ የተጠቀሙትን ላልተጠቀሙት አካፍሎ ሁለቱን ማወዳደር ነው) 1.8 ነበር፣ ኢንተርቫሉ ከ1.2 እስከ 2.6፣ የጥናቴ ዋና ግኝት ብዬ ደማቅ አርጌ የጻፍኩት እሱን ነው። ሲስተካከል ከ0.9 እስከ 3.4 ሆነ። ኦድስ ሬሾ አንድ ከሆነ ልዩነት የለም ማለት ነው፣ አንድ ደግሞ ኢንተርቫሉ ውስጥ ገባ፣ ስለዚህ ልዩነት አለ ብዬ አፌን ሞልቼ መናገር አልችልም። ወሽመጤ ቁርጥ ነው ያለው፣ እንባዬ ሁሉ መጣ፣ ያ ሁሉ ልፋት ውሃ በላው ብዬ። ጋሼ ሻይ አስመጡልኝና «ልፋትሽ አልጠፋም፣ ጉብኝት አይጠቅምም አላልንም፣ በዚህ መጠን እርግጠኛ አይደለንም ነው ያልነው፣ እሱን ጻፊ» አሉኝ። እንዳሉት ጻፍኩት።

ኦድስ ሬሾን ራሱ ስንቶቻችን አሳስተን እንደምንጽፈው ያወቅሁትም እዚህ ነው። ከጎበኘቻቸው ቤቶች 60 በመቶው፣ ካልጎበኘቻቸው 40 በመቶው ቢጠቀሙ ኦድስ ሬሾው 2.25 ነው፣ ግን 60ን ለ40 ብታካፍሉት 1.5 ብቻ ነው። «ከሁለት እጥፍ በላይ ይጠቀማሉ» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው፣ ነገሩ ብርቅ ሲሆን ነው ሁለቱ ቁጥሮች የሚቀራረቡት። እኔ ምዕራፍ አራትን ሙሉ እንደዛ ነበር የጻፍኩት።

423 የምትለዋን የናሙና ቁጥሬንም ጋሼ አልማሯትም። የጤና ተማሪ ሁሉ ያውቃታል፣ 1.96 በራሱ ተባዝቶ፣ በ0.5 በ0.5 ተባዝቶ ለ0.05 ስኩዌር ሲካፈል 384 ምናምን ይመጣል፣ መልስ ለማይሰጡት 10 በመቶ ሲጨመርበት 423። 0.5 (ግማሹ ይጠቀማል ብሎ መገመት ነው) የሚገባው ቀድሞ የተጠና ቁጥር ሲጠፋ ነው፣ ትልቁን ናሙና የሚሰጠው እሱ ስለሆነ። አጎበር ላይ ግን የተጠና ሞልቷል፣ እኔም ሳላነብ ነው ከጓደኛዬ ፕሮፖዛል የገለበጥኩት፣ አምኜላቸዋለሁ።

አሁን ስለ ጠረጴዛው ልንገራችሁ። አጠገቤ ከዘንዘልማ ግቢ አባይን ተሻግሮ የመጣ የግብርና ልጅ ነበር፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ ዘርቶ አራት ዓይነት የማዳበሪያ መጠን በሦስት ብሎክ (የሚመሳሰሉ ቁራሽ መሬቶች ምድብ) ሞክሯል፣ 12 ፕሎት ማለትም 12 ቁራሽ መሬት። ከእያንዳንዱ ፕሎት 10 ተክል ለካና ኤክሴሉ 120 መስመር ሆነ፣ ውጤቱም ሁሉ «ልዩነቱ የአጋጣሚ አይመስልም» በሚለው የኮከብ ምልክት ተሞልቷል። «ያንተ አንድ ምንድነው?» ሲሉት ልጁ ወዲያው ገባው፣ ማዳበሪያው የተሰጠው ለፕሎቱ ነው እንጂ ለተክሉ አይደለም። የ10ሩን አማካይ ወስዶ በ12 ሲሠራው የአጋጣሚውን ልዩነት ለመገመት የቀረለት ነፃ መረጃ፣ ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም የሚሉት፣ 6 ብቻ ነው፣ ከኮከቦቹ የተረፈው አንድ። ብሎኮቹንም ውሃው በሚወርድበት አቅጣጫ ነበር ያስረዘማቸው፣ አንድ ብሎክ ውስጥ ያሉት ፕሎቶች በእርጥበት እንዲመሳሰሉ ግን ወደ ጎን፣ ተዳፋቱን ቆርጦ ነው መሆን ያለበት። ይሄን ዘዴ ሮናልድ ፊሸር የሚባል እንግሊዛዊ በ1920ዎቹ ሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሲሠራ ነው ያመጣው አሉ ጋሼ፣ በእኛ በሕክምናው መድኃኒትን ለሕመምተኞች በዕጣ አከፋፍሎ መሞከርም ሥሩ ከእርሻ ማሳ መሆኑን ሰምቼ ገረመኝ።

የኮምፒውተር ተማሪው ደግሞ የበቆሎ ቅጠል በሽታ በስልክ ፎቶ የሚለይ ፕሮግራም ሠርቷል፣ 99 በመቶ ትክክል ነው ይላል። ሲጠየቅ 400 ፎቶ አንስቶ እያዞረና እየገለበጠ 4,000 አድርሶት ከዛ ነው ለማስተማሪያና ለመፈተኛ የከፈለው። ስለዚህ ማሽኑ የተፈተነው በተማረበት ቅጠል ነው፣ ዞሮ ቀረበለት እንጂ ያው ቅጠል ነው። የእሱ አንድ ተክሉ ነው እንጂ ፎቶው አይደለም፣ መጀመሪያ በተክል ከፍሎ ከዛ የማስተማሪያዎቹን ብቻ ሲያበዛ 81 በመቶ መጣ። ልጁ ግንባሩን ይዞ ቁጭ አለ፣ ግን እኮ ገበሬው እጅ ሲገባ የሚሠራው 81ዱ ነው።

የባንክ ሠራተኛው ጉዳይ በጣም ረጅም ስለነበር አሳጥረዋለሁ፣ የባንኮችን ትርፍ ነው ያጠናው፣ 10 ባንክ የ10 ዓመት ሒሳብ፣ 100 መስመር፣ ግን ባንኩ ያው ባንክ ነው፣ ዘንድሮ ያተረፈ አምናም ያተረፈ ነው። የዋጋ ግሽበትም በአንድ ዓመት ለሁሉም ባንክ አንድ ቁጥር ስለሆነ 100 ቦታ ተጻፈ እንጂ 10 ቁጥር ነው ያለው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግም ሁሉንም እኩል ቀን ነው ያገኛቸው፣ በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ደግሞ 2017 ላይ ነው የሚወድቀው፣ እሱ 2016 ላይ አስገብቶት ነበር።

አራት ሰው፣ አራት ትምህርት፣ ያው አንድ ጥያቄ። እኔ ነርስ ሆኜ የሩዙን ጉዳይ እስከመጨረሻው መከታተሌ ራሴን ገርሞኛል፣ የእኔ አጎበር በደንብ የገባኝ እንዲያውም የልጁ ፕሎት ሲሰላ ነው።

የሚሠሩት በአር ነው፣ ኒውዚላንድ ኦክላንድ ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን የጀመሩት፣ በነጻ የሚወርድ የስታቲስቲክስ ፕሮግራም። የሚገዛውን ኤስፒኤስኤስ የሚባለውን ፕሮግራም ከፈለጋችሁም ይረዷችኋል፣ ግን በፍላሽ የሚዞረውን የተሰበረ ኮፒ ላፕቶፓቸው ላይ አይጭኑም፣ ያ ፍላሽ የስንቱን ቴሲስ በቫይረስ እንደበላ ታውቃላችሁ። ወረቀት ላይ የሰበሰባችሁ ከሆነ ሁለት ልጆች እያንዳንዱን ቅጽ ለየብቻ ያስገቡና ይመሳከራል፣ የእኔ ላይ 31 ቦታ ልዩነት ተገኘ፣ አንዷ የ3 ዓመት ሕፃን 33 ዓመት ሆና ነበር። ዳታ ለመሰብሰብ ገና ካልወጣችሁ ደግሞ ኮቦ የሚባለውን መጠይቅ መሙያ አፕ ስልካችሁ ላይ ያስተካክሉላችኋል፣ ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ ሞልታችሁ ስትመለሱ ትልካላችሁ፣ ቀድሜ ባውቅ ያን ሁሉ ወረቀት በዝናብ አልሸከምም ነበር።

ምክር በሰዓት 300 ብር ነው፣ እኔ በአራት ቀን ሰባት ሰዓት ወሰደብኝ፣ 2,100 መሆኑ ነው፣ ካለፈው ሰውዬ ያነሰ። ግን ላፕቶፑን ሰጥታችሁ መሄድ አይቻልም፣ እናንተው ናችሁ የምትጫኑት። አንድ ቀን አንዱ መጥቶ «የጎደለኝን 60 ሰው ሙሉልኝ» ሲላቸው ጋሼ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ «ልጄ፣ እሱን እኔ አልሠራም፣ በሰበሰብከው እንሥራ» አሉት፣ ልጁ ግን ወጥቶ ሄደ። እኔ በዚህች ብቻ አከብራቸዋለሁ፣ ምክንያቱም እኛ ጤና ጣቢያ ላይ መመሪያ ተብሎ የሚመጣው ከእንዲህ ያለ ወረቀት ነው፣ የተፈጠረ ሰው ላይ የተጻፈ ነገር ነገ እውነተኛ ሕፃን ላይ ነው የሚያርፈው።

ቅሬታዬ፣ ግንቦትና ሰኔ ወረፋው አይቻልም፣ አንድ ቀን አምስት ሰዓት ሙሉ ጠብቄ ሳይደርሰኝ ተመልሻለሁ፣ ቀጠሮ በስልክ ቢይዙ ምን ነበር። መብራት ሲጠፋ የላፕቶፑ ባትሪ እስካለ ብቻ ነው። ደረጃው ጠባብና ድጋፍ የሌለው ነው፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ክላስሜቴ መውጣት አቅቷት ጋሼ ራሳቸው ታች ወርደው ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ አስተናገዷት፣ ደግ ናቸው ግን ሁሌ እንዲህ አይሆንም። ደረሰኝም በእጅ የተጻፈ ነው፣ መሥሪያ ቤት የሚከፍልላችሁ ሰዎች ቀድማችሁ ጠይቁ።

ከአምስት አራት ተኩል እሰጣቸዋለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ከደረሳችሁ ወረፋ የለም፣ መጠይቃችሁንና የኮዶቹን ዝርዝር ይዛችሁ ሂዱ፣ ያለ እሱ አይጀምሩላችሁም።