ማር ጊርጊስ፣ የጥንቷ ካይሮ፦ በግማሽ ቀን ምን ይታያል፣ ምንስ ይጎድላል

ካይሮ ደርሶ ፒራሚድ ብቻ አይቶ መመለስ ለእኛ ሰው ይቆጫል። ለዘመናት ጳጳስ ይላክልን የነበረው ከዚህች ከተማ የኮፕት (የግብጽ ኦርቶዶክስ) ፓትርያርክ መንበር ነው፤ የዚያን መንበር መከራም ማር ጊርጊስ ሰፈር ውስጥ ሆኖ ማየት ይቻላል። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ታክሲ አያስፈልግም። በሜትሮ 1ኛ መስመር ከሳዳት ጣቢያ ወደ ሔልዋን ሲኬድ አራተኛው ፌርማታ ማር ጊርጊስ ነው። ከጣቢያው ሲወጣ ሮማውያን የሠሩት የባቢሎን ምሽግ ክብ ግንብ ፊት ለፊት ይታያል። መግቢያ ላይ ፍተሻ አለ። ዓርብና እሑድ ጧት ቅዳሴ ስላለ ለጉብኝት ሌላ ቀን ይመረጥ፤ ለማስቀደስ ከሆነ ግን ከዚያ የተሻለ ቀን የለም።

መጀመሪያ ሙዓለቃ፣ «የተንጠለጠለችው» የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን። በምሽጉ በር ላይ ስለተሠራች 29 ደረጃ ይወጣል። ከውጭ የሚታዩት ሁለቱ ማማዎች የ19ኛው መቶ ዘመን ሥራ ስለሆኑ እዚያ ላይ ጊዜ አይባክን። ወደ መቅደሱ መጋረጃ መቅረብ ነው የሚሻለው። ጥቁር ዞጲ ውስጥ የዝሆን ጥርስ ተፈልፍሎ ገብቷል፤ ከሩቅ የመስጊድ ጌጥ ይመስላል፣ ክንድ ያህል ሲቀርቡት ግን ትንንሾቹ መስቀሎች አንድ በአንድ ይወጣሉ። ብዙ ጎብኚ ሳያየው የሚያልፈው ደግሞ በስተቀኝ ያለው የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ጸሎት ቤት ነው። ካልጠየቁ የሚያሳይ ላይገኝ ስለሚችል ስሙን ጠርቶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የዚህ ጉብኝት ትልቁ ጉድለት ታሪኩ «ክርስቲያኖች ተሰደዱ» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር መታለፉ ነው። ነገሩ እንዲህ አልነበረም። በሙስሊም ገዥዎች ሥር ክርስቲያኑና አይሁዱ ጂዝያ የሚባለውን የነፍስ ወከፍ ግብር እስከከፈሉ ድረስ በሕግ የተጠበቁ ነበሩ፤ በምትኩ አዲስ ቤተ ክርስቲያን መሥራት ተከልክሎ፣ አሮጌውን ለመጠገንም ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ሕጉ የሚጠብቀው ወይም የሚላላው እንደ ገዥው ነው። በፋጢሚዶቹ ሥርወ መንግሥት በአል-ሙዒዝ ዘመን፣ በስንክሳር የምናውቀው፣ የሙቀጠም ተራራ በጸሎት የተነቀለበት የፓትርያርኩ የአቡነ አብርሃምና የስምዖን ጫማ ሰፊው ታሪክ በሚነገርበት ጊዜ፣ አብያተ ክርስቲያናት ይታደሱ ነበር። የልጅ ልጁ አል-ሐኪም (996–1021) ግን በ1009 የኢየሩሳሌሙን የጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን አስፈረሰ፤ ክርስቲያኖች ከባድ የእንጨት መስቀል በአንገታቸው እንዲያንጠለጥሉም አዘዘ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ራሱ መልሶ በግድ የሰለሙት ወደ እምነታቸው እንዲመለሱ ፈቀደ።

የከፋው በኋላ ግብጽን በገዙት በማምሉኮች ዘመን መጣ። በ1301 ክርስቲያን ሰማያዊ፣ አይሁድ ቢጫ፣ ሳምራዊ ቀይ ጥምጥም እንዲያደርግ ታወጀ፤ ፈረስ መቀመጥም ተከለከለ። በ1321 በአንድ ዓርብ በመላው ግብጽ አብያተ ክርስቲያናት በሕዝብ ረብሻ ፈረሱ። በ1354 ደግሞ መንግሥት የአብያተ ክርስቲያናቱን መሬት ወረሰ። ሦስተኛው ከሁሉ ጸንቶ የጎዳቸው ይመስለናል፤ የፈረሰ ግድግዳ ይሠራል፣ ካህኑንና ገዳሙን የሚቀልበው መሬት ሲሄድ ግን መተኪያ የለውም።

የእኛ ነገሥታትም ዝም አላሉም። ዐፄ ዓምደ ጽዮን በ1320ዎቹ ወደ ሱልጣን አል-ናስር መሐመድ መልእክተኛ ልከው የፈረሱት ካልታደሱ ዓባይን እንደሚያስቀይሱ አስጠነቀቁ። ግንቦት 21 የምናከብረው ደብረ ምጥማቅም የግብጽ ገዳም ነበር፤ መፍረሱን ሲሰሙ ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ በተጉለት በስሙ ቤተ ክርስቲያን አሳነጹ፣ ለሱልጣን ጃቅማቅም ጻፉ። ከኢትዮጵያ የሚመጣ ቡድን ይህን የሚያውቅ አስጎብኚ ቢይዝ ጉብኝቱ ሌላ መልክ ይኖረዋል።

ከሙዓለቃ ወርዶ በመንገዱ ዳር ከመሬት በታች በሚገባው ደረጃ ወደ ጠባቡ መተላለፊያ ይኬዳል። አቡ ሰርጋ ቤተ ክርስቲያን ቅድስት ቤተሰብ ያረፈችበት የሚባለው ዋሻ ያለበት ነው። ጥቂት አለፍ ሲል የቤን ዕዝራ ምኩራብ አለ፤ ያኛው የአል-ሐኪም ዘመን ሰለባ የሆነው ሕንጻ ሳይሆን በ1890ዎቹ እንደገና የተሠራው ነው። እዚህ ብዙ ሰው የሚከፋበት ምክንያት አለ፦ ዝነኞቹን የገኒዛ (በምኩራቡ ያረጁ ጽሑፎች ይከማቹበት የነበረው ክፍል) ጽሑፎች ፈልጎ ይመጣል። አብዛኛዎቹ በ1896–97 ወደ ካምብሪጅ ስለተወሰዱ እዚህ አይገኙም። ሆኖም የመካከለኛውን ዘመን ጂዝያ ከከፋዩ ወገን የሚያሳዩት እነዚያ ወረቀቶች ናቸው፤ ያልከፈለ ድሃ ሰብሳቢውን ፈርቶ ከቤቱ እንደማይወጣ፣ መንገደኛም የከፈለበትን ደረሰኝ ይዞ እንደሚጓዝ ከእነሱ ይነበባል። ሳያነቡ መምጣት ምኩራቡን ባዶ ያደርገዋል።

የኮፕት ሙዚየም (በ1908 የተመሠረተ) በመጨረሻ ይቀመጥ፤ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይፈልጋል። ዕቃዎቹ በአብዛኛው በዓይነትና በተገኙበት ቦታ ስለተደረደሩ የዘመኑን ቅደም ተከተል ጎብኚው ራሱ ይዞ መግባት አለበት። ከብራናዎቹ መካከል በአንድ ገጽ ቅብጥኛ (የኮፕቶች ቋንቋ) እና ዓረብኛ ጎን ለጎን የተጻፈባቸው ይፈለጉ። በ12ኛው መቶ ዘመን ፓትርያርክ ገብርኤል 2ኛ ምዕመኑ የሚሰማው ዓረብኛ በጸሎት እንዲገባ ያደረጉት ቅብጥኛ ከአፉ ስለጠፋ ነበር።