«ዛሬ አይነቀልም» ብለውኝ ለሄዱት አትክልተኛ

ምስጋናዬ ዘግይቷል፣ አውቃለሁ። ያዘገየሁት ሆን ብዬ ነው። ጽጌረዳዋ መጽደቋን በዓይኔ ሳላይ ማንንም ለሰው ልጠቁም አልፈለግኩም። ቦታ ከቀየረች ዓመት ሊሞላት ነው። ትናንት ጠዋት ስወጣ ሦስት እንቡጥ ይዛ አገኘኋት።

እናቴ ናት የተከለቻት። ከ15 ዓመት በላይ ሆኗታል፣ በቁመት ትበልጠኛለች፣ ከሥር ግንዷ የእጄን አንጓ ያህል ይወፍራል። የቆመችበት ቦታ ግን የፍሳሽ ቱቦ የሚያልፍበት ሆነ። ወይ ትነሳለች ወይ ትቆረጣለች።

ከዚህ በፊት አንዴ ተቃጥያለሁ። አንድ ሠራተኛ ጠርቼ ትልቅ ቡገንቪሊያ አስነቅዬ ነበር። በጠራራ ፀሐይ ዙሪያዋን በዶማ ቆፈረና ግንዷን ይዞ ጎተታት። አፈሩ በሙሉ ረገፈ፣ ሥሩ እርቃኑን ቀረ። በሁለት ሳምንት ደርቃ ቁጭ አለች። እሱን ብቻ አልወቅስም፣ አጠገቡ ቆሜ «በርታ» ስል የነበርኩት እኔው ነኝ።

ጋሼ (ስሜን እንዳትጽፊ ብለውኛል) ሲመጡም ወዲያው መቆፈር የሚጀምሩ መስሎኝ ነበር። አልጀመሩም። ሁለቴ ዞሯት፣ ጎንበስ ብለው አፈሩን በጣታቸው ፈተጉና «ዛሬ አይነቀልም» አሉኝ። እውነቱን ልናገር፣ ተናደድኩ። ቱቦ የሚዘረጉት ሰዎች በሌላ በኩል ይነዘንዙኛል።

ያን ቀን ከግንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀው ዙሪያውን ክብ አሰመሩ። ከዚያ በሞረድ የተሳለ አካፋቸውን ቀጥ አድርገው እየሰደዱ፣ አንዱ ቦታ ላይ ሥሩን እየቆረጡ ቀጣዩን እየዘለሉ ዞሩ። አጠጧት። ሁለት ወር ጠብቂ ብለውኝ ሄዱ። ለምን ስላቸው ያስረዱኝ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ተክል ውሃ የሚጠጣው በዋናነት በወፍራሙ ሥር ሳይሆን ጫፍ ጫፉ ላይ ባሉት ፀጉር በሚያካክሉ ሥሮች ነው፣ በትልቅ ተክል ላይ ደግሞ እነሱ ከግንዱ ርቀው ሄደዋል፣ ስለዚህ በአንዴ ከነቀልሽው የሚጠጣበትን አፉን መሬት ውስጥ ትተሽ ቀሪውን ነው የምትወስጂው። አስቀድሞ ከተቆረጠ ግን እዚያው ግንዱ አጠገብ አዲስ ሥር ያወጣል። እሱን ይዞ ይነሳል።

ቱቦ ዘርጊዎቹን ለምኜ ሥራውን ከሌላኛው ጫፍ አስጀመርኳቸው።

በቀጠሮው ዋዜማ በደንብ እንዳጠጣት አዘዙኝ፣ ደረቅ አፈር ሲነሳ ይበተናል። በማግስቱ ደመና ነበር፣ እሳቸውም የመጡት ወደ አመሻሽ ላይ ነው። መጀመሪያ ከላይ ሲሶዋን ያህል ከረከሟት። ሲቆፍሩ ጠጋ ብዬ አየሁ። በተቆረጠው ወፍራም ሥር ጫፍ ላይ እንደ ክር የቀጠኑ ነጫጭ ሥሮች ተንጠልጥለዋል። ያኔ ነው ንዴቴ የወጣልኝ። ሥሯን ከነአፈሩ በጆንያ ጠቅልለው በገመድ አሰሩና በሸራ ላይ ለአራት ጎተትናት፣ ከ100 ኪሎ አታንስም። ግንዷን ልይዝ ስል «ልጅ በጆሮው ይነሳል እንዴ?» ብለው ተቆጡኝ።

አዲሱ ጉድጓድ ስፋቱ እጥፍ ነው፣ ጥልቀቱ ግን ድሮ ከነበረችበት አይበልጥም። እንጨት አጋድመው ደጋግመው ለኩት። እኔ የገዛሁትን ማዳበሪያ ዘወር አድርጊው አሉ፣ የተጎዳ ሥር ያቃጥላል። አፈሩንም በእግር አልረገጡም፣ በውሃ ነው ያስቀመጡት። በመጨረሻ ጉዝጓዝ አለበሱት፣ ግንዱን ግን እንዳይነካ አድርገው።

በሁለተኛው ሳምንት ቅጠሏ ቢጫ ሆኖ መርገፍ ጀመረ። እያለቀስኩ ደወልኩ። «ቅጠሉን ተይው። ቅርንጫፉን በጥፍርሽ ፋቅ አድርጊ፣ ከቅርፊቱ በታች አረንጓዴ ካየሽ በሕይወት አለች» አሉኝ። ፋቅኩ። አረንጓዴ ነው። ውሃም በላይ በላዩ እንዳልጨምር፣ መጀመሪያ ጣቴን አፈር ውስጥ ከትቼ እርጥብ ከሆነ እንድመለስ ነገሩኝ። በውሃ ብዛት ልገድላት እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።

እንከን የለባቸውም አልልም። ስልክ ቶሎ አያነሱም፣ ሰዓት ያሳልፋሉ፣ ሲሄዱም ግቢው ጭቃ በጭቃ ነበር። ሁለቴ ስለሚመጡ የሁለት ቀን ሂሳብ ነው የሚጠይቁት። ግን ጎረቤቴ አንድ ትልቅ ዛፍ እንዲያነሱላት ስትጠራቸው አይተው «ይሄ ይሞትብሻል፣ ችግኝ ትከይ» ብለዋት ሥራውን ሳይወስዱ ተመልሰዋል። እኔ ያመንኳቸው እዚያ ላይ ነው።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ።

ቁጥራቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጃለሁ። የሚነሳ ተክል ካላችሁ ግን ከአሁኑ ደውሉላቸው። ግንበኛው አሸዋ ካራገፈ በኋላ ብትደውሉ መልሳቸውን ነግሬያችኋለሁ።