ባለ ሁለት ግራፊክስ ላፕቶፕ ለሊኑክስ፦ የቱን ልግዛ?

የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን በቴሌግራም ሁለት ፎቶ ላከችልኝ። አንደኛው አይሪስ ኤክስኢ (ኢንቴል ፕሮሰሰር ውስጥ ያለ ግራፊክስ) ብቻ ያለው ቀጭን ላፕቶፕ ነው። ሌላኛው ባለ አርቲኤክስ 4050 (የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ) ወፍራም የጌም ማሽን። "ጋሼ ለገና ከዲሲ ይመጣል፣ አንዱን ያምጣልኝ። ኡቡንቱ ነው የምጭንበት፣ የቱ ይሻላል?" ትላለች። ኡቡንቱ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነው የሊኑክስ አንዱ ዓይነት ነው። "ለምን ሥራ ነው?" አልኳት። "ለሁሉም ነገር" አለች። ሰውን ገንዘብ የሚያስጨርሰው እንዲህ ዓይነቱ መልስ ነው።

ሃይብሪድ የሚባለው ላፕቶፕ ሁለት ግራፊክስ አለው። አንዱ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ፣ ባትሪ የማይጨርስ። ሌላው ለብቻው የተቀመጠ ጉልበተኛ ካርድ። ብራውዘር ስትከፍቱ ትንሹ ይሠራል፣ ትልቁ ይተኛል። ብሌንደር (የ3ዲ አኒሜሽን መሥሪያ) ወይ ጌም ሲከፈት ትልቁ ይነቃል። ዊንዶውስ ላይ ይሄን ብዙ ሰው ልብም አይለው። ሊኑክስ ላይ ግን ሻጭ የማይነግራችሁ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። ትልቁ ካርድ እውነት ይተኛል ወይ? የኤችዲኤምአይ ቀዳዳውስ የተያያዘው ከየትኛው ጋር ነው? እኔ "ካርዱ ስንት ጊጋ ነው" ከማለቴ በፊት እነዚህን ሁለቱን ነው የምጠይቀው።

ስለ ታሪኩ ትንሽ ልበል፣ ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት ምክር ግማሹ ያረጀ ስለሆነ (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ኤንቪዲያ ኦፕቲመስ ያለውን ይሄን አሠራር ያስተዋወቀው በ2010 ነው፣ ለሊኑክስ ግን ምንም አልነበረም። በ2011 በጎ ፈቃደኞች ባምብልቢ የሚባል መፍትሔ ሠሩ፤ መጫኛው ላይ በስህተት የገባች አንዲት ባዶ ቦታ የሰዎችን ዩኤስአር (ፕሮግራሞች የሚቀመጡበት) ፎልደር ጠራርጋ አጥፍታለች። በ2012 የሊኑክስ ፈጣሪው ሊነስ ቶርቫልድስ ፊንላንድ አልቶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለካሜራ ጣቱን ቀስሮ ኤንቪዲያን የሰደበበት ዝነኛ ቪዲዮ አለ አይደል? የተጠየቀው ስለዚሁ ስለ ኦፕቲመስ ላፕቶፕ ነበር። ኤንቪዲያ ራሱ ነገሩን በድራይቨሩ (ሊኑክስ ካርዱን እንዲያዝ በሚያደርገው ፕሮግራም) ውስጥ በደንብ ያስገባው በ2019 ነው፣ በ435 ድራይቨር። ስለዚህ ባምብልቢ ጫኑ የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ዝም ብላችሁ እለፉት።

አሁን ወደ ምርጫው።

ተጨማሪ ካርድ የሌለው

ብዙ ሰው ይሄን የድሃ ምርጫ አድርጎ ነው የሚያየው። ተሳስቷል። ከኢንቴል 11ኛው ትውልድ ጋር የመጣው አይሪስ ኤክስኢ፣ የኤኤምዲው ራይዘን 6000 ላይ ያለው ራዴዮን 680ኤም፣ ከሱ ቀጥሎ የመጣው 780ኤም፣ የሁሉም ድራይቨር ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) እና ሜሳ (የግራፊክስ ፕሮግራሞች ስብስብ) ውስጥ አብሮ ነው የሚመጣው። ዳውንሎድ የሚደረግ ነገር የለም። ፍላሽ ሰክታችሁ ትጭናላችሁ፣ አለቀ። ኮድ ለሚጽፍ፣ ለቢሮ ሥራ፣ ፎቶ ለሚነካካ፣ ቀለል ያለ ቪዲዮ ለሚቆርጥ ከበቂ በላይ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ባትሪ ለሚቆጥር ሰው ደግሞ ትልቅ እረፍት ነው።

አንዲት ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። አይሪስ ኤክስኢ ጉልበቱን የሚያወጣው ራሙ በሁለት ቻናል ሲሠራ ነው። አንድ ራም ብቻ የተሰካበት ማሽን ስሙን ራሱ ዝቅ አድርጎ "ዩኤችዲ ግራፊክስ" ብሎ ያሳያችኋል። ሁለተኛ ራም ስትጨምሩበት ስሙም ፍጥነቱም ይመለሳል፤ ካርድ ካለው ላፕቶፕ ጋር ሲነጻጸር ይሄ ወጪ ኢምንት ነው።

ኤኤምዲ ከኤኤምዲ ጋር

ሁለቱም ግራፊክስ የኤኤምዲ ከሆነ ለሊኑክስ ሰው ሰርግና ምላሽ ነው። ኤኤምዲጂፒዩ የሚባለው ድራይቨር ከ2015 ጀምሮ ከርነሉ ውስጥ ነው። ትልቁ ካርድ ሥራ ሲያጣ ራሱ ይተኛል። አንድን ፕሮግራም በትልቁ ማስኬድ ስትፈልጉ ዲአርአይ ፕራይም (DRI_PRIME) የምትባለውን ቅንብር 1 አድርጋችሁ ትከፍቱታላችሁ፣ ወይም ግኖም በሚባለው ዴስክቶፕ ላይ አዶውን በቀኝ ክሊክ ትመርጣላችሁ።

ታዲያ ለምን ሁሉም ሰው ይሄን አይገዛም? ስለማይገኝ። የ2022ቱ አሱስ ዜፊረስ ጂ14፣ ባለ 7600ኤስ ካርዱ አሱስ ቲዩኤፍ ኤ16፣ ፍሬምወርክ 16 ባለ 7700ኤስ፣ ከዚህ ብዙም አይርቅም። እዚህ ሱቅ ላይማ ከስንት አንዴ ነው የሚታየው። ኩዳ (ከባድ ስሌትን በካርዱ ማሠሪያ) የሚፈልግ ሥራ ያለው ሰውም ይሄን መንገድ ይርሳው፣ ኩዳ የኤንቪዲያ ብቻ ነው። ደግሞ "ኤኤምዲ ካርድ አለው" ሲሏችሁ ራዴዮን 520 ወይ አር5 ኤም330 እንዳይሆን እዩ። እነዚህ ስም ነው ያላቸው። ከአዲስ አይሪስ ኤክስኢ ያነሱ ናቸው።

ኤንቪዲያ፣ ግን የትኛው ኤንቪዲያ?

እዚህ ጋ ቀስ እንበል፣ አብዛኛው ሰው ገንዘቡን የሚያቃጥለው እዚህ ነው።

መስመሩ ያለው ቱሪንግ የሚባለው ትውልድ ላይ ነው፣ በ2018 የወጣው። እንደ 1650 ያሉት ጂቲኤክስ 16ዎች እና ሁሉም አርቲኤክስ ከመስመሩ በላይ ናቸው። በኤንቪዲያ ድራይቨር ሙሉ በሙሉ ተኝተው መብራታቸው መቋረጥ የሚችለው እነዚህ ብቻ ናቸው። ከአርቲኤክስ 30 ጀምሮ ይሄ ነገር ሳይነካካ ይሠራል፣ ጂቲኤክስ 16 እና አርቲኤክስ 20 ላይ ግን አንድ መስመር ቅንብር ሊጠይቃችሁ ይችላል።

ከመስመሩ በታች ያሉት፣ ጂቲኤክስ 1050፣ 1060፣ 960ኤም፣ ስማቸው ኤም ወይ ፒ ብሎ የሚጀምር ኳድሮዎች፣ በዚህ ድራይቨር እንደዛ አይተኙም። ሁለት ምርጫ ነው ያላችሁ። ወይ ካርዱን ጭራሽ አጥፍታችሁ በኢንቴል ብቻ ትሠራላችሁ፣ በፈለጋችሁት ጊዜ ለመመለስ ፕራይም ሴሌክት (prime-select) በሚባለው ትእዛዝ ቀይራችሁ ሪስታርት ታደርጋላችሁ። ወይ እየነደደ ይቀመጣል፣ ፋኑም አብሮት ይጮሃል። በዚያ ላይ ኤንቪዲያ ለማክስዌልና ለፓስካል ካርዶች (ከቱሪንግ የሚቀድሙ ትውልዶች ናቸው) የመጨረሻው ድራይቨር 580 ነው ብሏል። ከነሱ የሚቀድሙት፣ የጂቲኤክስ 600 እና 700 ዘመን ኬፕለሮች፣ 470 ላይ ቆመው ከ2024 ወዲህ አፕዴት የላቸውም። አሮጌ ድራይቨር አዲስ ከርነል ላይ አንድ ቀን አልጫንም ይላል፤ ያን ቀን እዩኝ።

አሁን ወጥመዱን ልንገራችሁ፣ ኤምኤክስ የሚለው ስም ነው። ኤምኤክስ330 እና ኤምኤክስ350 የወጡት በ2020 ነው። ሰው አዲስ መስሎት ይገዛል፣ ውስጡ ግን ፓስካል ነው። ኤምኤክስ450 ቱሪንግ ነው። በመቶ ቁጥር ልዩነት ከአንዱ ዘመን ወደ ሌላው ትሻገራላችሁ፣ ማስታወቂያው ላይ ግን ሁሉም "ባለ 2 ጊጋ ኤንቪዲያ" ተብሎ ነው የሚጻፈው። ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ ላፕቶፖች መካከል ደግሞ እነዚህ ሞልተዋል፣ በተለይ ባለ ኳድሮ የሥራ ማሽኖች፣ ዋጋቸው ይስባል፣ ቦዲያቸው ብረት ነው። ለሊኑክስ ከሆነ ግን ካርዱን የለም ብላችሁ አስቡና በቀረው ዋጋውን ተደራደሩ።

በአዲሶቹም በኩል ጣጣ የለም ማለት አይደለም። ድራይቨሩ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ነው፣ አዲስ በወጣ ቁጥር እንደገና ይወርዳል። በሞባይል ዳታ ለሚኖር ሰው ይሄ የዋጋው አካል ነው። አርቲኤክስ 50 ያለው ላፕቶፕ የሚያስመጣ ሰው ደግሞ ድራይቨር ሲመርጥ ስሙ ላይ "ኦፕን" የሚል ያለበትን ይውሰድ፣ እነዚህ ካርዶች የሚሠሩት ኤንቪዲያ በ2022 ኮዱን መክፈት በጀመረው የከርነል ሞጁል ብቻ ነው። ዌይላንድ (ሊኑክስ መስኮቶችን ስክሪን ላይ የሚያወጣበት አዲሱ ዘዴ) ላይ ይታይ የነበረው የስክሪን መንቀጥቀጥ በ2024 ከወጣው 555 ድራይቨር ወዲህ በጣም ቀንሷል፣ ስለዚህ "ኤንቪዲያና ዌይላንድ አይሆኑም" የሚለው ወሬም እያረጀ ነው።

የኤችዲኤምአይ ነገር

የራሴን ጥፋት ላውራ። አንድ ጊዜ ስልጠና ልሰጥ አዳራሽ ገባሁ። ባትሪ ለመቆጠብ ብዬ ጠዋት ላፕቶፔን በኢንቴል ብቻ እንዲሠራ አድርጌው ነበር። ፕሮጀክተሩን ሰካሁ፣ ወፍ የለም። ገመድ ቀየርኩ፣ ወፍ የለም። አርባ ሰው ያየኛል፣ አንዱ ከኋላ "ዊንዶውስ ቢሆን ኖሮ" ይላል። የኤችዲኤምአይ ቀዳዳዬ የተያያዘው ከትልቁ ካርድ ጋር ነበርና ካርዱን ሳጠፋ ቀዳዳውንም አብሬ አጥፍቼዋለሁ። መልሼ ቀይሬ፣ ሪስታርት አድርጌ እስክነሳ ድረስ ሻይ ቀርቦላቸው ተጠጥቶ አልቋል።

እንዲህ የተሠሩ ላፕቶፖች ብዙ ናቸው። ክፋታቸው ፕሮጀክተር ላይ ብቻ አይደለም፤ ቤታችሁ ውጪያዊ ስክሪን ሰክታችሁ የምትሠሩ ከሆነ ትልቁ ካርድ ስክሪኑ እስካለ ድረስ አይተኛም። ባትሪ መቆጠብ፣ ዝም ያለ ፋን፣ እነዚህ ሁሉ ይቀራሉ። አንዳንዱ ማሽን ላይ ታይፕ ሲው ከትንሹ ጋር ስለሚያያዝ በዚያ በኩል ማምለጥ ይቻላል።

ማወቂያው ቀላል ነው። ተርሚናል ከፍታችሁ ኤልኤስፒሲአይ (lspci) የምትለዋን ትእዛዝ ጻፉ። የኤንቪዲያው መስመር "3ዲ ኮንትሮለር" ብሎ ከጀመረ ብዙውን ጊዜ ምንም የስክሪን ቀዳዳ አልተያያዘበትም፣ ኤችዲኤምአዩ የትንሹ ነው። "ቪጂኤ" ብሎ ከጀመረ ግን ቀዳዳው የሱ ሊሆን ይችላልና ገመድ ሰክታችሁ ሞክሩ።

ማክስ ስዊች የሚባል ነገርም አለ፣ የላፕቶፑን ስክሪን ራሱን በቀጥታ ከትልቁ ካርድ ጋር የሚያገናኝ። ለጌም ጥሩ ነው። ግን ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚገባበት ቅንብር) ውስጥ መቀየሪያው መኖሩን እዩ፣ አንዳንዱ ከዊንዶውስ ፕሮግራም ብቻ ነው የሚቀየረው።

የትኛው ሊኑክስ?

እዚህ ላይ ብዙ አልከራከርም። ኡቡንቱ ስትጭኑ የሌሎች አምራቾችን ድራይቨር ጨምር የምትለዋን ሳጥን ምልክት አድርጉ፣ ይበቃል። ሚንት የራሱ የድራይቨር ማኔጀር አለው፣ ለጀማሪ ደስ ይላል። ፖፕ ኦኤስ የኤንቪዲያው ድራይቨር አስቀድሞ የገባበት ለብቻው የተዘጋጀ ፋይል ስላለው ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው፣ ሴኪዩር ቡትን (ያልተፈረመ ሶፍትዌር እንዳይነሳ የሚከለክለውን ጥበቃ) ግን ማጥፋት ይጠይቃል። ፌዶራ ላይ አርፒኤም ፊዩዥን የሚባለውን የተጨማሪ ሶፍትዌር ማከማቻ ትጨምራላችሁ፣ ከዚያ ድራይቨሩ እዚያው ማሽናችሁ ላይ ነው የሚገነባው፣ ስለዚህ ተጭኖ እንዳለቀ ወዲያው ሪስታርት አታድርጉ፣ አምስት ደቂቃ ያህል ታገሡት። ሴኪዩር ቡት በርቶ ከሆነ ቁልፍ የምታስመዘግቡበት ሰማያዊ ስክሪን ሊመጣ ይችላል። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ምን እንደሆነ ሳላነብ "ቀጥል" ብዬው ነበር፣ ከዚያ ድራይቨሩ ለምን እንደማይሠራ ሁለት ቀን ፈለግሁ።

ከኤንቪዲያ ድረ ገጽ ላይ በቀጥታ የሚወርደውን ፋይል ግን ባትነኩት ነው የሚሻለው። ከርነሉ አፕዴት ሲደረግ ይበላሻል።

ሱቅ ስትሄዱ የፖፕን የኤንቪዲያ ፋይል ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ ያዙ። ሳትጭኑት ከፍላሹ ይነሳል፣ ድራይቨሩም አብሮት አለ። ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ኤችዲኤምአዩን እዚያው ሞክሩ። ካርዱ መተኛቱን ለማየት ኤንቪዲያ ኤስኤምአይ (nvidia-smi) የሚባለውን ትእዛዝ አትጠቀሙ፣ ገና ስትጠይቁት ካርዱን ይቀሰቅሰዋል፣ የተኛ ልጅ ቀስቅሶ "ተኝተሃል?" እንደማለት ነው። ይልቅ ሲስ (/sys) ፎልደር ውስጥ በካርዱ ስም ስር ራንታይም ስታተስ (runtime_status) የምትባል ፋይል አለች። "ሰስፔንድድ" ካለች ተኝቷል። ምንም ሳትከፍቱ ቆይታችሁ "አክቲቭ" እንዳለች ከቀረች ነቅቶ ነው ያለው፣ ምክንያቱን ሳታውቁ ገንዘብ አትክፈሉ።

የአክስቴን ልጅ ቁጭ አድርጌ ስጠይቃት "ሁሉም ነገር" ያለችው ብሌንደር ሆኖ ተገኘ፣ አኒሜሽን ልትማር ነው። ያኔ ክርክሩ አለቀ። ሬንደር ለማድረግ ኩዳ ያለው ካርድ ጊዜ ይቆጥብላታል፣ 4050ው ደግሞ 6 ጊጋ የራሱ ሜሞሪ አለው፣ የሚተኛም ትውልድ ነው። ብሌንደር ባትል ኖሮ ቀጭኑን አስይዤ በተረፈው ራም አስገዛት ነበር። ለጋሼ ደወልንለት። ኤችዲኤምአዩ ከየትኛው ጋር እንደተያያዘ ሱቅ ውስጥ እንዲያይልን ስነግረው "እናንተ ልጆች፣ እኔ ላፕቶፕ ነው የምገዛው ወይስ መኪና?" አለኝ።