ንጉሡን በሻማ ብርሃን ያየሁበት ድራማ፦ «ዎልፍ ሆል»

የመድረክ መብራት ባለሙያ ነኝ። በታሪካዊ ቴአትር ውስጥ ንጉሥ ወደ መድረክ በወጣ ቁጥር አዘጋጆች የሚያዙኝ አንድ ነው፦ ትልቁ መብራት ዙፋኑ ላይ ይሁን፣ ወርቁ ያብረቅርቅ፣ ካባው ይታይ። ለንጉሥ ጥላም ያስፈልገዋል ብዬ ብዙ ተከራክሬያለሁ፤ ብዙውንም ጊዜ ተረትቻለሁ። ስለዚህ የአውሮፓን የህዳሴ ዘመን ነገሥታት የሚያሳይ ፊልም ወይም ተከታታይ ድራማ ስከፍት አስቀድሜ የማየው ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ነው። በዚህ ዓይን ከተመለከትኳቸው ውስጥ «ዎልፍ ሆል»ን የሚስተካከል አላገኘሁም።

ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2015 በስድስት ክፍል ያቀረበው ይህ ድራማ ከሂላሪ ማንቴል ልብ ወለዶች የተወሰደ ነው፤ ዳይሬክተሩ ፒተር ኮስሚንስኪ ነው። የእንግሊዙን ንጉሥ ሄንሪ 8ኛን የምናየው ከብረት ቀጥቃጭ ቤት ተወልዶ የንጉሡ ቀኝ እጅ ለመሆን በበቃው በቶማስ ክሮምዌል ዓይን ነው። ክሮምዌልን ማርክ ራይላንስ፣ ንጉሡን ዴሚያን ሉዊስ፣ የንጉሡን ሁለተኛ ሚስት አን ቦሊንን ክሌር ፎይ ይጫወታሉ።

የሌሊቱ ትዕይንቶች በአብዛኛው የተቀረጹት በሻማ ነው። የፊልም ዳይሬክተሩ ስታንሊ ኩብሪክ እ.ኤ.አ. በ1975 «ባሪ ሊንደን» የተባለውን ፊልም በሻማ ብርሃን ሲቀርጽ ለአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ለናሳ የተሠራ ሌንስ እስከመጠቀም ደርሶ ነበር፤ ዛሬ ዲጂታል ካሜራ ሥራውን አቅልሎታል። የካሜራ ባለሙያው ጋቪን ፊኒ ግን ሻማውን ለጌጥ አላመጣውም። ሻማ የሚያበራው ለቅርብ ሰው ብቻ ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል፤ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ያለ ሰው ጨለማ ይውጠዋል። እንግዲህ የንጉሡን ፊት አይቶ ቁጣውንና ደስታውን ለመለየት የግድ መቅረብ ያስፈልጋል፤ መቅረብ ደግሞ አደጋ ነው። የቤተ መንግሥት ኑሮ ምን እንደነበረ ከብዙ ንግግር ይልቅ ይህ ብርሃን አስረድቶኛል።

በሁለተኛው ክፍል ክሮምዌል በሌሊት ወደ ንጉሡ ይጠራል። በዚያ ሰዓት የሚጠራ ሰው ለሹመት ይሁን ለእስር አያውቅም። ንጉሡ ግን የሞተውን ታላቅ ወንድሙን አርተርን በሕልሙ አይቶ ተሸብሯል። አርተር በ1502 ባይሞት ኖሮ ዙፋኑ የእርሱ ነበር፤ የሄንሪ የመጀመሪያ ሚስት ካትሪንም አስቀድማ የአርተር ሚስት ነበረች። ክሮምዌል ሕልሙን ንጉሡ ሊሰማው በሚፈልገው መንገድ ይፈታለታል። በዚህ ትዕይንት የዴሚያን ሉዊስን ፊት ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። መጀመሪያ የምናየው ሌሊቱን የፈራ ልጅ ነው፤ ፍቺው ሲጥመው ንጉሥነቱ ይመለስለታል፤ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ድምፁን ሳያነሣ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2010 የተላለፈውን፣ ስለዚሁ ንጉሥ የሚተርከውን ተከታታይ ድራማ «ዘ ቱዶርስ»ን ከዚህ አጠገብ ሳስቀምጠው አዝናለሁ። እዚያ ሁሉም ክፍል እንደ ወርቅ ቤት ያበራል፤ ጥላ የሚባል ነገር የለም፤ ስለዚህም የሚያስፈራ ነገር የለም። ጆናታን ራይስ ማየርስ የሚጫወተው ሄንሪ እስከ መጨረሻው ሸንቃጣ ነው፤ በ1540 ለእውነተኛው ንጉሥ የተሠራው የጦር ልብስ ግን ወገቡ 130 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የንጉሡን ሁለት እህቶች አንድ አድርጎ ለፖርቱጋል ንጉሥ መዳሩም አልተዋጠልኝም፤ ታናሿ እህት ሜሪ በ1514 ያገባችው የፈረንሳዩን ሉዊ 12ኛን ነው። እውነተኛው ታሪክ ከፈጠራው በላይ ድራማ ሆኖ ሳለ ለምን ይነካካል?

ወደ «ዎልፍ ሆል» ልመለስ። የስድስተኛው ክፍል ፍጻሜ ከአእምሮዬ አልወጣም። አን ቦሊን ሜይ 19 ቀን 1536 ከካሌ በመጣ ሰይፈኛ ተቀልታለች። ክሮምዌል ወደ ንጉሡ ይገባል። አሁን ቀን ነው፤ ንጉሡ ለማንም ይታያል። እጁን ዘርግቶ፣ ፊቱ በደስታ ፈክቶ ያቅፈዋል። ራይላንስ ቃል አይተነፍስም፤ በንጉሡ እቅፍ ውስጥ ዓይኑ ብቻ ይናገራል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ስንል የኖርነውን እዚያ ፊት ላይ አነበብኩት።

ቅሬታም አለኝ። የክሮምዌል ባላንጣ የነበረውን ቶማስ ሞርን ክፉ ለማድረግ የደከሙትን ያህል ለክሮምዌል አዝነውለታል፤ ገዳማቱን ያፈረሰው ሰው በቤቱ እንዲህ የዋህ ሆኖ ሲቀርብ ጥርጣሬ ያድርብኛል። መጀመሪያው ክፍልም ዘመኑን ወዲያና ወዲህ ስለሚያገላብጥ ይከብዳል፤ ክሮምዌል፣ ሞር፣ ካርዲናሉ ዎልሲ፣ ሊቀ ጳጳሱ ክራንመር ሁሉም ስማቸው ቶማስ ነውና ትዕግሥት ይጠይቃል። በወቅቱ ጨለማው በዛ ብለው ቅር የተሰኙ ተመልካቾች ነበሩ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ በስልክና በጠራራ ፀሐይ ካያችሁት ግን እውነትም ምንም አይታያችሁም። የቤቱን መብራት አጥፍታችሁ፣ በትልቅ ስክሪን፣ በምሽት እዩት።

ተከታዩ ስድስት ክፍል በ2024 ወጥቷል። ታሪኩ ካቆመበት ቢቀጥልም በመካከሉ ዘጠኝ ዓመት ስላለፈ ተዋንያኑ ማርጀታቸው ያስታውቃል፤ ሉዊስና ራይላንስ ግን ብቃታቸው እንዳለ ነው። ጁላይ 28 ቀን 1540 ክሮምዌል ተቀላ፤ ንጉሡም በዚያው ዕለት አምስተኛ ሚስቱን ካትሪን ሃዋርድን አገባ። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ድራማውን አያበላሽባችሁም፤ እንዲያውም ንጉሡ ለክሮምዌል ፈገግ ባለ ቁጥር ጭንቀቱ ይብስባችኋል። ብቻ የመጀመሪያውን ሳትጨርሱ ወደ ሁለተኛው አትለፉ።