ሻርትርን ላስጎበኘችን ሴት፣ ከእማዬና ከእኔ

እግዚአብሔር ይስጣት። ሌላ መጀመሪያ ፈልጌ አጣሁ።

ከፍራንክፈርት ነው የምጽፈው። እናቴ ባለፈው ክረምት ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። ሰባት ዓመት ሳንተያይ ቆይተን ነው። 71 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን በጣም ያማታል። «ምን ላሳይሽ?» ስላት ሱቅም ሕንፃም አልጠየቀችኝም። «ፈረንሳይ የእመቤታችን ትልልቅ ቤተ ክርስቲያን አለ ይባላል፣ እሱን አሳዪኝ» አለች። ፈቃድ ወስጄ ይዣት ወደ ፓሪስ ሄድኩ።

ፓሪስ ላይ የደረሰብንን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ስም ግን አልጠራም።

መጀመሪያ በሰው በሰው ያገኘነው የአገራችን ልጅ ነበር። በአማርኛ ያስረዳታል ብዬ ደስ ብሎኝ 150 ዩሮ ቀብድ ላኩለት። በቀጠሯችን ጠዋት ሆቴሉ በር ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆምን። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። ከሰዓት በኋላ ጭራሽ ተዘጋ። እስከ ዛሬ እንደተዘጋ ነው። እማዬ «አሞት ይሆናል» እያለች ስትጨነቅለት ነበር የዋለችው።

በማግስቱ ትልቅ አውቶቡስ ካለው ድርጅት ቲኬት ገዛሁ። ማስታወቂያው ላይ «ለአረጋውያን የሚመች» ይላል። አስጎብኚው ባንዲራ ከፍ አድርጎ ከፊት ይሮጣል፣ እኛ ከኋላ እንሮጣለን። ቁሙ፣ ፎቶ አንሱ፣ ግቡ። እማዬ መጸዳጃ ቤት ገብታ ስትወጣ አውቶቡሱ ሄዷል! ስደውል «ሰዓት ማክበር ነበረባችሁ» አሉኝ። ይቅርታ የለ፣ ገንዘብ መመለስ የለ። ገንዘቡስ ይቅር። እማዬ የመንገዱን አጥር ተደግፋ «ልጄ፣ ሸክም ሆንኩብሽ» አለችኝ። ይህን ቃል ያናገሯትን ሰዎች ይቅር ለማለት ገና እየታገልኩ ነው።

ያን ማታ ፓሪስ ለምትኖር ጓደኛዬ ደውዬ አለቀስኩ። «ፓሪስን ተዪውና ሻርትር ውሰጃት፣ እዚያ አንዲት የማውቃት አስጎብኚ አለች» አለችኝ። ቁጥሯን ላከችልኝ።

ስደውል ስለ ዋጋ ሳታወራ ጥያቄ ጀመረች። እናትሽ ያለ ዕረፍት ስንት ደቂቃ መራመድ ይችላሉ? ደረጃስ? ዓይናቸው እንዴት ነው? ምን ይበላሉ? ፍልሰታ ስለነበር እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደማትቀምስ፣ ከዚያም ቅቤና ወተት እንደማትነካ ነገርኳት። አልገረማትም፣ ጻፈችው። ከዚያ «አባትሽስ? ሥራቸው ምን ነበር?» አለችኝ። አባቴ ጫማ ሰፊ ነበር፣ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። ይህ ለጉብኝት ምን ያደርግላታል ብዬ አሰብኩ እንጂ መለስኩላት። «እንግዲያው አርብ ኑ» አለችኝ።

ሻርትር የእመቤታችን ትልቅ ካቴድራል ያለባት ከተማ ናት። ከፓሪሱ ሞንፓርናስ ጣቢያ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ቦስ የሚባለው የስንዴ ሜዳ ላይ ስትደርሱ አገሩ ሁሉ ሜዳ ነው። ታጭዶ ገለባው ብቻ ቀርቶ ነበር። ከሩቅ የካቴድራሉ ሁለት የተለያዩ ሾጣጣ ማማዎች ብቅ አሉ። አንዱ 105 ሜትር፣ ሌላው 113 ሜትር ነው። እማዬ ከወንበሯ ተነስታ አማተበች። ከፓሪስ ወዲህ ፊቷ ሲፈታ ያየሁት ያኔ ነው።

አስጎብኚዋ ጣቢያ ድረስ መጥታ ጠበቀችን። በእጇ ተጣጣፊ ወንበር ይዛለች። ለእማዬ ነው! ቀኑን ሙሉ ራሷ ተሸክማ ዞረች። ልቀበላት ብል እምቢ አለች።

ካቴድራሉ ውስጥ እመቤታችን ለብሳዋለች ተብሎ የሚከበር ጨርቅ አለ። ንጉሥ ሻርል በ876 እ.ኤ.አ. የሰጠው ነው። በ1194 ቤተ ክርስቲያኑ በእሳት ሲወድም ሕዝቡ ጨርቁም ነደደ ብሎ ሲያለቅስ፣ በሦስተኛው ቀን ከምድር ቤቱ በደህና ወጣ ይባላል። የዛሬው ሕንፃ የተሠራው ከዚያ እሳት በኋላ ነው። እማዬ ፊቱ ተቀምጣ ውዳሴ ማርያም ደገመች። አስጎብኚዋ ራቅ ብላ ቆማ ጠበቀች። ሰዓቷን አንድ ጊዜ እንኳ አላየችም። ይህን ያህል ትዕግሥት ያለው ሰው አላየሁም።

አሁን ልነግራችሁ ወደምፈልገው ልምጣ። ወንበሩን በደቡብ በኩል ካሉት ባለቀለም መስታወቶች በአንዱ ፊት ዘረጋችው። ለእማዬ የርቀት መነፅር ሰጠቻትና «ከታች ይጀምሩ» አለቻት። መስታወቱ ከታች ወደ ላይ ነው የሚነበበው። እማዬ አስተካክላ አየች፣ ዝም አለች። ከዚያ «እነዚህ ጫማ ሰፊዎች ናቸው» አለች። ናቸው። መስታወቱን ከ800 ዓመት በፊት የሰጡት የከተማው ጫማ ሠሪዎች ናቸው ተብሎ፣ ሲሠሩ የሚያሳየው ሥዕል ከግርጌው ቀርቷል። «አባትሽም እንዲህ ነበር ሥራው ላይ የሚያቀረቅረው» አለችኝ። መነፅሩን ከዓይኗ አላወረደችም፣ እንባዋ ግን ከሥሩ ይወርዳል። አርብ ኑ ያለችኝ ሴት በስልክ የሰማችውን አንድ ቃል ይዛ ይህን አዘጋጅታ ጠበቀችን።

ከፍ ሲል ያለው ታሪክ የደጉ ሳምራዊ ነው። «በወንበዴዎች የተመታው ሰው ማን ይመስልዎታል?» ብላ ጠየቀች። ተርጉሜ ሳልጨርስ እማዬ «አዳም ነዋ!» አለች። «ወንበዴዎቹ አጋንንት ናቸው። ሳምራዊው ጌታችን ነው። ያሳደረበት ቤት ቤተ ክርስቲያን ናት።» ስተረጉምላት አስጎብኚዋ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ወደ መስታወቱ የላይኛው ክፍል ጠቆመች። አዳምና ሔዋን እዚያ አሉ! ሠዓሊዎቹ ሁለቱን ታሪክ በአንድ መስታወት ያደረጉት በዚሁ ትርጓሜ ነው። «ይህን ለሰው ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ይፈጅብኛል፣ እርስዎ ከየት ተማሩት?» አለቻት። «ከደብራችን የኔታ» አለች እማዬ። ከዚያ በኋላ ጠያቂዋ አስጎብኚዋ፣ መላሿ እማዬ ሆኑ። ሁለት ቀን ሙሉ ሸክም ነኝ ስትል የነበረችው እናቴ።

በሰሜን በኩል ባለው በር ንግሥተ ሳባ በድንጋይ ተቀርጻ ከሰሎሞን ጎን ቆማለች። እሷንም አየናት፣ ፎቶ ተነሳን። ወለሉ ላይ ያለው ጠመዝማዛ የጸሎት መንገድ 261 ሜትር ገደማ ነው። በሌላ ቀን ወንበር ይደረደርበታል፣ ከዐቢይ ጾም እስከ ጥቅምት መጨረሻ ግን አርብ አርብ ይከፈታል። እኔ ሄድኩበት፣ እማዬ ተቀምጣ ጸለየችልኝ።

በዘጠኝ ሰዓት የሄድንበት ምግብ ቤት አስቀድሞ ተነግሮት ነበር። በዘይት የተሠራ አትክልት፣ ምስርና ዳቦ ቀረበ። ቅቤ በሞላበት አገር! ከተስማማነው ሁለት ሰዓት በላይ ቆይታ ጭማሪ ብሰጣት አልተቀበለችም።

በማግስቱ እሷ በነገረችን መሠረት እዚያው የባቡር መስመር ላይ ማንተኖን የምትባል ከተማ ወረድን። የፈረንሳዩ ንጉሥ የሉዊ 14ኛ ያላለቀ የውኃ ድልድይ ቅስቶቹ እንደቆሙ አሉ። የኧርን ወንዝ ውኃ ወደ ቬርሳይ ቤተ መንግሥቱ ሊያስወስድ በ1685 አስጀምሮት በጦርነት የቀረ ነው። የባቡሩን ሰዓት ሁሉ በወረቀት ጽፋ ሰጥታን ስለነበር ያለ ጭንቀት ሄደን ያለ ጭንቀት ተመለስን።

ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ፈረንሳይ የምትሄዱ፣ እባካችሁ ወደዚህች ሴት ሂዱ። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ ነው እንጂ በትልቁ እጽፈው ነበር። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልኳን እሰጣችኋለሁ። ቢያንስ ከሳምንት በፊት ደውሉላት። ስትጠይቃችሁም ሁሉንም ንገሯት፣ የአባታችሁን ሥራም ጭምር። ካቴድራሉ መግቢያ አይከፈልበትም።

እማዬ አገር ከገባች ሁለት ወር ሆናት። በደወለች ቁጥር «ያቺ ልጅ ደህና ናት?» ትላለች። ባለፈው ሳምንት በሰው እጅ ጥለቱ ሰማያዊ የሆነ ነጠላ ልካላታለች። በሚቀጥለው ወር ራሴ አደርስላታለሁ።